ለልውውጥ ተማሪዎች ከመሸኛው ንግግር በፊት የወረቀቱ ቅደም ተከተል ይነገራቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ በቅርቡ ስለ ውጭ አገር የትምህርት ዕድሎች ያወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ዕድሉ እንዴት እንደሚገኝ፣ ማመልከቻው እንዴት እንደሚዘጋጅና ለቪዛ ምን ምን ሰነድ እንደሚጠየቅ በሚገባ አስረድተዋል፤ ይሁንና ጽሑፉ ተማሪው አውሮፕላን ላይ ሲሳፈር ያበቃል። በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል አንድ ሴሚስተር በልውውጥ ተማሪነት ቆይቼ የተመለስኩ እንደመሆኔ፣ ተማሪውን የሚፈትነው ነገር የሚጀምረው ልክ ጽሑፉ ካቆመበት ቦታ መሆኑን አውቃለሁ። በመጪው ነሐሴ መጨረሻ ወደዚያው የሚሄዱ ተማሪዎች በአሁኑ ሰዓት ሻንጣ በማዘጋጀት ላይ ስለሆኑ፣ ይህ ደብዳቤ ከመሄዳቸው በፊት ቢደርሳቸው ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ።

የልውውጥ ተማሪ ሁኔታ ለዲግሪ ከሚሄደው ተማሪ የተለየ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ለዲግሪ የሄደ ተማሪ ዓመታት ስለሚቆይ፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ወር በወረቀት ጉዳይ ቢባክንበት ቀስ ብሎ ያካክሰዋል። የልውውጥ ተማሪ ግን ያለው አንድ ሴሚስተር፣ ቢበዛ አንድ ዓመት ነው፤ የኮሪያ ዩኒቨርሲቲዎች ሴሚስተር ደግሞ በአብዛኛው 16 ሳምንት ሆኖ ስምንተኛው ሳምንት አካባቢ የአጋማሽ ፈተና አለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር በኢሚግሬሽን፣ በባንክና በስልክ መሸጫ በር ላይ ካለቀ፣ ከተሄደበት ጊዜ ሩብ ያህሉ ትምህርት ሳይነካው አለፈ ማለት ነው። እኔም ሆንኩ አብረውኝ የነበሩ ከሌሎች አገሮች የመጡ ተማሪዎች የተቸገርነው በቋንቋው ወይም በምግቡ ነው ቢባል ትክክል አይሆንም፤ ሁለቱም ይለመዳሉ። ያስቸገረን የትኛው ጉዳይ ከየትኛው መቅደም እንዳለበት አስቀድሞ የነገረን ሰው አለመኖሩ ነው።

ስለ አገባቡ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የኢንቾን አውሮፕላን ማረፊያ ከሴኡል በስተምዕራብ በምትገኝ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ሴኡል ጣቢያ የሚወስዱ ሁለት ዓይነት ባቡሮች አሉ። አንደኛው መንገድ ላይ ሳይቆም ከመጀመሪያው ተርሚናል በ43 ደቂቃ ያደርሳል፤ ሌላው በየጣቢያው እየቆመ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ዋጋው ግን ከፈጣኑ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሻንጣ ለያዘና ለማይቸኩል ሰው ሁለተኛው ይሻለዋል፤ ከተማዋ እንዴት እየደመቀች እንደምትመጣም በመስኮት ያሳየዋል። ሴኡል በ605 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ9 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ኢንቾንና በዙሪያዋ ያለው የግዮንጊ ክፍለ ሀገር ተጨምሮ ሲቆጠር ደግሞ ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ እዚያው ተሰብስቧል።

በነገራችን ላይ ሴኡል ከእኛ በስድስት ሰዓት ስለምትቀድም፣ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት እዚያ ሲደርስ መነካት የለበትም። እኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በምንልበት ሰዓት እነሱ ከጠዋቱ 9 ሰዓት ይላሉ። የሰዓቱ ቁጥር ባይዛባም እንቅልፍ መዛባቱ አይቀርም፤ የመጀመሪያው ሳምንት የጠዋት ክፍል ለእኛ ሰው ከባድ የሚሆነው ሰውነቱ ገና ሌሊት ላይ ስለሆነ ነው።

ዋናው ነገር የሚመጣው በማግሥቱ ነው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ከ90 ቀን በላይ የሚቆይ የውጭ አገር ዜጋ በገባ በ90 ቀን ውስጥ ኢሚግሬሽን ቀርቦ መመዝገብና የነዋሪነት መታወቂያ መያዝ ይኖርበታል። ከመሄዳችን በፊት በተሰጠን ገለጻ ላይ «ሦስት ወር አላችሁ፤ አትቸኩሉ» ተብሎ ነበር። ሕጉን ብቻ ላነበበ ሰው አባባሉ ስሕተት የለበትም። እዚያ ለሚኖር ሰው ግን መታወቂያው ላይ ያለው ባለ 13 አሃዝ ቁጥር እጁ እስኪገባ ድረስ የሚከፈትለት በር ጥቂት ነው።

ስልክን እንውሰድ። በፓስፖርት ብቻ ቅድመ ክፍያ ሲም ካርድ መግዛት ይቻላል፤ በእሱ መደወልም ኢንተርኔት መጠቀምም አያስቸግርም። ነገር ግን በኮሪያ የስልክ ቁጥር ከመደወያነቱ ይበልጥ የማንነት ማረጋገጫ ሆኖ ያገለግላል። የኢንተርኔት ገበያው፣ የምግብ ማዘዣው፣ የክፍያ መተግበሪያውና ሌላው ሁሉ ተጠቃሚውን የሚለየው በስሙ በተመዘገበ ስልክ ላይ በሚላክ የምስጢር ቁጥር ነው፤ ይህ ማረጋገጫ የሚሠራው ደግሞ ስልኩ ከመታወቂያው ቁጥር ጋር ሲያያዝ ነው። ስለዚህ ስልክ የያዘ ሰው ስልክ እንደሌለው የሚቆጠርበት ጊዜ አለ።

ባንኩም ከዚህ የተለየ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ባለ አንድ ቅርንጫፍ የተቀበለችኝ ሠራተኛ ፓስፖርቴን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ቪዛው ያለበትን ገጽ በጥንቃቄ አይታ፣ በሁለት እጇ መልሳ ሰጠችኝ። ከዚያም ስልኳ ላይ ባለው መተርጎሚያ «መታወቂያዎን ሲይዙ እባክዎ ይመለሱ» የሚል ዐረፍተ ነገር አሳየችኝና ከመቀመጫዋ ተነሥታ እጅ ነሣች። እንዲህ በክብር እምቢ ተብዬ አላውቅም። በፓስፖርት ብቻ ሒሳብ የሚከፍቱ ቅርንጫፎችም አሉ፤ ይሁን እንጂ በእነዚህ የሚከፈተው ሒሳብ በቀን የሚተላለፈው ገንዘብ ጣሪያ የተደረገበት ነው። የጥንቃቄው ምክንያት የስልክ ማጭበርበርና በሰው ስም የሚከፈቱ ሒሳቦች መበራከታቸው ሲሆን፣ ጣሪያው አዲስ ሒሳብ ለሚከፍቱ ኮሪያውያንም የሚሠራ ስለሆነ የውጭ አገርን ሰው ለማንገላታት የወጣ አድርጎ መውሰድ ተገቢ አይደለም።

እንግዲህ ተማሪው መሐል ላይ ይቆማል። የስልክ ድርጅቱ መታወቂያ አምጣ ይለዋል፤ ባንኩ መታወቂያም በስምህ የተመዘገበ ስልክም አምጣ ይለዋል፤ የተማሪዎች ማደሪያው ክፍያውን በኮሪያ ባንክ በኩል አስገባ ይለዋል፤ ኢሚግሬሽኑ ደግሞ ቀጠሮህ ገና ነው ይለዋል። ቀጠሮው የሚያዘው በኢሚግሬሽኑ ድረ ገጽ ሲሆን፣ በመጋቢትና በመስከረም ማለትም በሁለቱ ሴሚስተሮች መጀመሪያ ላይ የከተማዋ አዲስ የውጭ ተማሪዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ስለሚጎርፉበት ለሳምንታት ይሞላል። ቀኑ ደርሶ የጣት አሻራ ከተሰጠ በኋላም ካርዱ ታትሞ እስኪወጣ ሌሎች ሳምንታት ይጠበቃሉ። በመስከረም ለሚጀምር ሰው ደግሞ ቹሶክ የሚባለው ታላቁ የመኸር በዓላቸው በዚያው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ይውላል፤ ቢሮዎቹና ባንኮቹ ለቀናት ይዘጋሉ፤ የተማሪው ምግብ ቤትም አብሮ ይዘጋል፤ ለዚህ ያልተዘጋጀ ሰው በዓሉን ከሱቅ በተገዛ ፈጣን ኑድል ያሳልፈዋል።

«ሦስት ወር አላችሁ» የሚለው ምክር የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጠሮው በደረሱበት ዕለት መያዝ አለበት። ከዚያም በፊት አስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ተማሪዎቹን በጅምላ የሚያስመዘግብ መሆን አለመሆኑን በኢሜይል መጠየቅ ይገባል፤ ይህን የሚያደርጉ ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉ የአንድ ተማሪ ጥያቄ ሳምንታት ሊያድን ይችላል። የሚጠየቁት ወረቀቶች ፓስፖርት፣ 3.5 በ4.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶግራፍ፣ የተማሪነት ማረጋገጫ፣ የመኖሪያ አድራሻ ማረጋገጫ፣ እንዲሁም ከብዙ አገሮች ለሚመጡ አመልካቾች የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ውጤት ናቸው። ምርመራውን ለማደሪያውም ስለሚጠይቁት ውጤቱን ከአንድ ቅጂ በላይ መያዝ ብልኅነት ነው። ግራ ለገባው ሰው 1345 የተባለው የኢሚግሬሽን የስልክ መስመር በብዙ ቋንቋዎች መልስ ይሰጣል።

የእኛ የስም አጻጻፍ የሚያመጣው ጣጣ ግን በየትኛውም መመሪያ ላይ ተጽፎ አላየሁም። የኮሪያውያን ስም በአብዛኛው በሦስት ቀለም የሚያልቅ ስለሆነ ቅጹም ኮምፒውተሩም የተሠሩት ለዚያ ነው። የእኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በላቲን ፊደል ተዘርዝሮ ሲጻፍ አንዳንዱ ቅጽ ላይ መጨረሻው ይቆረጣል። በፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም የቤተሰብ ስም በሚባለው ቦታ ስለሚሰፍር አንዱ መሥሪያ ቤት ከአያት ጀምሮ፣ ሌላው ከራስ ስም ጀምሮ ይጽፈዋል፤ አንዱ ሦስቱን ያለ ክፍተት ያያይዛቸዋል፤ ሌላው ይነጣጥላቸዋል። ባንኩ ከስልክ ድርጅቱ ጋር ሲያመሳክር እነዚህን እንደ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ስለሚያያቸው ማረጋገጫው ይከሽፋል፤ የከሸፈበትን ምክንያት ደግሞ ማሽኑ አይናገርም። መጀመሪያ የተመዘገቡበትን አጻጻፍ ፎቶ አንሥቶ በየሄዱበት «ልክ እንደዚህ ይጻፍልኝ» ማለት ያዋጣል። ክፍል ውስጥም መምህሩ ስም ሲጠሩ የሚጠሩት የአያትን ስም ነው፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ ነፍሳቸውን ይማረውና አያቴ አንድም ቀን ከክፍል ያልቀሩ ተማሪ ሆነው ተመዝግበዋል።

ይህ ሁሉ እስኪፈታ የሚበላው ገንዘብ ነውና ለመጀመሪያው ወር ተኩል የሚበቃ ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) ወይም ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ይዞ መሄድ ግድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጪ በተለይ መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ የውጭ አገር ተማሪዎች በአገሪቱ ብሔራዊ የጤና መድን ውስጥ በግዴታ ይገባሉ፤ ተማሪው ኢሚግሬሽን በተመዘገበ ጊዜ በቀጥታ ይካተታል፤ የመዋጮው ደረሰኝም በፖስታ ይመጣለታል። ለተማሪ ቅናሽ ተደርጎበት እንኳ በወር ከ70 ሺሕ ዎን በላይ ነው። ደረሰኙ በኮሪያኛ ስለሚጻፍ ማስታወቂያ መስሏቸው ወደ ጎን የሚያደርጉት አሉ፤ ያልተከፈለ መዋጮ ግን ቆይታን ለማራዘም በሚጠየቅበት ጊዜ እንቅፋት ይሆናል። በሌላ በኩል የታመመ ተማሪ ሰፈሩ ውስጥ ካለ ክሊኒክ ገብቶ በጥቂት ሺሕ ዎን ታክሞ የሚወጣው በዚሁ መድን ምክንያት ስለሆነ ክፍያውን አላማርርበትም። የማማርረው ከመሄዴ በፊት በተሰጠኝ የወጪ ዝርዝር ላይ ስላልነበረ ነው።

ስለ ማደሪያው ጥቂት ልበል። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች አልጋና ፍራሽ እንጂ አንሶላ፣ ትራስና ብርድ ልብስ አይሰጡም፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በራቸውን ዘግተው ሊነጋ ሲል ይከፍታሉ። ወለሉ ከሥር ስለሚሞቅ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ማደሪያ ያላገኘ ሰው የሚሄድበት ጎሺዎን የሚባለው ጠባብ የኪራይ ክፍል በመሠረቱ ለመንግሥት ፈተና ለሚያጠኑ ሰዎች የተሠራ ነበር፤ አልጋና ጠረጴዛ ከገቡበት በኋላ ሻንጣ መክፈቻ ቦታ አይተርፍም፤ ነገር ግን ከፍተኛ የመያዣ ገንዘብ ስለማይጠይቅ ለአጭር ጊዜ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የቆሻሻ ሥርዓታቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የቤት ቆሻሻ የሚወጣው የወረዳው ስም በታተመበትና በገንዘብ በሚገዛ ከረጢት ብቻ ነው፤ የማስወገጃው ክፍያ በከረጢቱ ዋጋ ውስጥ ስላለ ብዙ የጣለ ብዙ ይከፍላል። ከረጢቱ የሚሸጠው ሰፈር ካለ ሱቅ ሲሆን የአንዱ ወረዳ ከረጢት ሌላው ወረዳ ውስጥ አይሠራም። የምግብ ትራፊ ለብቻው ይወጣል፤ ሆኖም የዶሮ አጥንት፣ የእንቁላል ቅርፊትና የሽንኩርት ልጣጭ ትራፊ ተብለው አይቆጠሩም፤ እንስሳ ሊበላው የማይችለው ነገር ሁሉ ከተራው ቆሻሻ ጋር ይሄዳል። የውኃ ፕላስቲክ ላይ ያለው ወረቀት ተልጦ፣ ጠርሙሱ ተጨፍልቆ፣ ክዳኑ ተገጥሞ ይቀመጣል። ማታ ማታ ሽበታም አዛውንት የማደሪያው ዘበኛ ገንዳዎቹ አጠገብ ቆመው አዲስ ተማሪ ያልላጠውን ጠርሙስ ከገንዳው አንሥተው፣ ራሳቸው ልጠው እያሳዩ መልሰው ይጥሉት ነበር። ቃል አይናገሩም፤ ሁለተኛ ግን የሚረሳ አልነበረም።

መጓጓዣው ደግሞ ከተማዋ ለእንግዳ የምትሰጠው ዕረፍት ነው። ቲ-መኒ የተባለውን ካርድ ከማንኛውም ሱቅ ያለ መታወቂያ መግዛት ይቻላል። የምድር ባቡሩ መነሻ ታሪፍ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ 1,550 ዎን ሲሆን፣ ከባቡር ወርዶ በ30 ደቂቃ ውስጥ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው እንደ አዲስ መነሻ ታሪፍ አይከፍልም፤ በእነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 3... እስከ ደግሞ ፈቃዱ ወደ 60 ደቂቃ ከፍ ይላል። ይህ እንዲሠራ ከአውቶቡስ ሲወርዱም ካርዱን ማስነካት ያስፈልጋል፤ እንግዳ የሚታወቀው በመውረጃው በር ላይ ካርዱን ሳያስነካ ሲዘል ነው። ጥሬ ገንዘብ የማይቀበሉ አውቶቡሶች እየበዙ የመጡ ሲሆን፣ ካርዱን የሚሞላው የጣቢያ ማሽን በአብዛኛው የሚፈልገው በተቃራኒው ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት የዎን ኖቶች ከኪስ አይጥፉ።

ሁለተኛው መስመር 48.8 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 43 ጣቢያዎች ያሉት ቀለበት ሆኖ ከታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙዎቹን ይነካል። ሙሉውን ለመዞር ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ አቅጣጫ ያምታታ ሰው ቢዘገይም መድረሱ አይቀርም፤ ከቀለበቱ ከሚገነጠሉት ሁለት ቅርንጫፎች በአንዱ ካልተሳፈረ በቀር። በመድረኩ ወለል ላይ 5-3 ወይም 7-1 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ የፉርጎውና የበሩ ቁጥር ናቸው። ኔቨር ወይም ካካኦ የሚባሉት የአገሩ ካርታዎች በየትኛው በር ቢሳፈሩ ወደሚቀጥለው መስመር ደረጃ እንደሚቀርቡ ሳይቀር ይናገራሉ። ጉግል ካርታ ላይ ተማምኖ መሄድ አይመከርም፤ መንግሥት ዝርዝር የካርታ መረጃ ከአገር እንዳይወጣ ለብዙ ዓመታት ስለከለከለ፣ በሌላው ዓለም የለመድነውን የእግር መንገድ እዚያ ሲያሳይ አልኖረም።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልመለስ፤ ቅሬታዬም ከሁሉ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። የልውውጥ ተማሪ ከመሄዱ በፊት የሚወስዳቸው ኮርሶች ተዘርዝረው ላኪውና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ይፈርሙበታል፤ ሲመለስ ክሬዲቱ የሚያዝለት በዚያ ወረቀት መሠረት ነው። ሴሚስተሩ ሲጀመር ግን ከተዘረዘሩት ኮርሶች አንዱ በዚያ ወቅት የማይሰጥ፣ ሌላው የሞላ፣ ሦስተኛው ደግሞ በእንግሊዝኛ ይሰጣል ተብሎ የተጻፈ ቢሆንም ውይይቱ በኮሪያኛ የሚካሄድ ሆኖ ይገኛል። የኮርስ ምዝገባው ራሱ በተባለው ደቂቃ ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጫንበት እሽቅድምድም ስለሆነ ኮሪያውያኑ ተማሪዎች ፈጣን መስመር ፍለጋ ወደ ኮምፒውተር ጨዋታ ቤቶች ይሄዳሉ። ለመለወጥ የሚፈቀደው ጊዜ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት ውስጥ አዲሱ ዝርዝር ከአገር ቤት ተፈርሞ መምጣት አለበት።

የእኔ ላኪ ዩኒቨርሲቲ ስሙ እዚህ እንዲጠቀስ አልፈልግም፤ ሁኔታው የአንድ ተቋም ብቻ ነው ብዬም አላምንም። ሬጅስትራሩ ወደ ዲፓርትመንቱ መራኝ፤ ዲፓርትመንቱ ወደ ውጭ ግንኙነት ቢሮው መራኝ፤ ቢሮው ፈራሚው ስብሰባ ላይ መሆናቸውን ነገረኝ። የእኛ ቢሮዎች ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሲከፈቱ ሴኡል ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ የሴኡሉ ቢሮ ደግሞ በ6 ሰዓት ስለሚዘጋ ሁለቱ አብረው ክፍት የሚሆኑት ለሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። «ከሰዓት ደውል» የሚለው የተለመደ መልስ እዚያ ላለ ተማሪ ነገ ማለት ነው። ፊርማው የመጣው የመለወጫው ጊዜ ካለፈ በኋላ ስለነበር ከወሰድኳቸው ኮርሶች መካከል እስካሁን ክሬዲት ያልተያዘልኝ አለ። ለአንድ ሳምንት በኢሜይል የሚገኝ አንድ ፈራሚ አስቀድሞ መመደብ ምን ያህል በጀት እንደሚጠይቅ የሚመለከታቸው ቢያስረዱን ደስ ይለኛል።

ቋንቋውን በተመለከተ ተማሪው ገና አገር ቤት ሳለ ያለ አስተማሪ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ፊደሉን መማር ነው። ሃንጉል እ.ኤ.አ. በ1446 በንጉሥ ሴጆንግ የታወጀ ሲሆን 14 ተነባቢና 10 አናባቢ መሠረታዊ ፊደላት ብቻ አሉት፤ ተነባቢውና አናባቢው ተሰባስበው በአንድ ቀለም ስለሚጻፉ ከሁለት መቶ በላይ ቅርጾችን በልጅነቱ ለለየ የእኛ አንባቢ የቅዳሜና እሑድ ሥራ ነው። ትርጉሙ ባይታወቅ እንኳ የጣቢያ ስም፣ የምግብ ዝርዝርና የበር ላይ ጽሑፍ ማንበብ መቻል ሰውን ከብዙ ጥገኝነት ያወጣዋል።

በመሸኛው ዕለት የተደረገልን ንግግር ስለ ቃኘው ሻለቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ኮሪያ ስለዘመቱት አባቶቻችን መስማት ያኮራል፤ ቹንቾን ያለውን የመታሰቢያ አዳራሽ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ከሴኡል በባቡር ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ጉዞ ስለሆነ ማንም ተማሪ ሳያየው እንዳይመለስ እመክራለሁ። ሆኖም ንግግሩ ሁለት ሰዓት ፈጅቶ ለጥያቄ የተተወው ጊዜ የሻይ ሰዓት ስለደረሰ ተሰረዘ። ያን ጊዜ ከእኛ በፊት ከነበረው ዙር የተመለሰ ማንም ተማሪ አዳራሹ ውስጥ አልተጠራም፤ ኮሪያውያኑ ግን ለእያንዳንዳችን የሚረዳን አንድ አንድ ሲኒየር መድበውልን ነበር። የተመደበችልኝ ተማሪ ስልክ መሸጫው ድረስ አብራኝ ሄዳ ስሜ በፓስፖርቱ ልክ እስኪጻፍ ከሻጩ ጋር የተከራከረችልኝ እሷ ናት።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የውጭ ግንኙነት ቢሮዎች ሦስት ነገር እንዲያደርጉ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ። ከገለጻው ላይ ቢያንስ ግማሹን ጊዜ ባለፈው ዙር ሄደው ለተመለሱ ተማሪዎች ይስጡ፤ የኮርስ ለውጥ የሚፈርም ሰው ስምና ኢሜይል ለተማሪው ሳይሰጡ ማንንም አይላኩ፤ የጤና መድኑንና የመጀመሪያውን ወር ተኩል ወጪ በዝርዝራቸው ውስጥ ያስገቡ። እኔ በበኩሌ የወረቀቶቹን ቅደም ተከተልና የሚጠየቁ ሰነዶችን ዝርዝር በሦስት ገጽ አዘጋጅቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ጋዜጣው ለማተም ቦታ ባይኖረው ለሚጠይቅ ተማሪ ቅጂውን እንዲሰጥ ፈቅጃለሁ። ታሪፎቹና የመድኑ መዋጮ በየጊዜው ስለሚለወጡ፣ ከመጓዛቸው በፊት ቁጥሮቹን በድጋሚ ያመሳክሩ።

ከአክብሮት ጋር

ከሴኡል የተመለስኩ የልውውጥ ተማሪ
(ሙሉ ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይገኛል)